አረፋውና የመጋረጃው ዘንግ

ኮልፌ ውስጥ መብረቅ በእጁ የሠራ ሰው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከገበያው ጀምሮ እስከ ጦር ኃይሎች ፌርማታ ድረስ ያለው ሕዝብ በአንድ አፍ «አምሐ ነው» ይላችኋል። የማይል ካለ ከሌላ ሰፈር የመጣ ነው። ሥራዬ ሞተር ጥቅለላ ነው። የወፍጮ ሞተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ፣ ምኑ ቅጡ፤ ተቃጥሎ ይመጣል፣ እየዘፈነ ይሄዳል። በዚያ በ1980 ዓ.ም. አገሪቱ ውስጥ ከሚዞረው ሞተር ግማሹ በእኔ እጅ ያለፈ ነበር። ግማሹ ደግሞ ለማለፍ ወረፋ ይጠብቃል።

የእጄ ምሥጢር አንድ ነው። ሌላው ጠቅላይ ሽቦ ሲያሳሳ እኔ አወፍራለሁ። ፋብሪካው በዚህ ውፍረት ይሁን ያለውን እኔ አንድ ደረጃ ጨምሬ እጠቀልለዋለሁ። ቀጭን ሽቦ ይሞቃል፤ የሞቀ ይቃጠላል፤ የተቃጠለ ደግሞ ባለቤቱን አስቆጥቶ ተመልሶ ይመጣል። የእኔ ሞተር ተመልሶ መጥቶ አያውቅም። አንድ ሁለቴ መጥቶ ከሆነም ሊያመሰግን ነው።

ወርክሾፔ ጥግ ካረጀ የራጅ መሣሪያ የወጣ ትራንስፎርመር ነበረኝ። ምናለሽ ተራ እንደ ተራ ብረት ወድቆ አግኝቼ፣ ወደ ቤት አምጥቼ ነፍስ ዘራሁበት። ለሚጠይቀኝ ሁሉ መቶ ሺህ ቮልት ያወጣል እል ነበር። ጥሩብርሃን ለክታው ሃምሳ ሺህ ነው አለችኝ።

«ደመና ስለሆነ ነው» አልኳት።

ጥሩብርሃን የሰፈራችን ልጅ ናት። ከእኛ ቤት ሦስተኛው ግቢ ነው ያደገችው። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምራ፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመጨረስ አንድ ጥናት ብቻ ቀርቷት ነበር። የዩኒቨርሲቲው የከፍተኛ ቮልቴጅ መሣሪያ ተቃጥሎ መለዋወጫው የውጭ ምንዛሪ ይጠብቃል። ስለዚህ ሳይንስ ራሱ ተነሥቶ ወደ ኮልፌ መጣ፤ ወደ እኔ።

ጥናቷ ስለ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። የምንተነፍሰው አየር አብዛኛው ናይትሮጅን ነው፤ ከልክ በላይ ሲቀዘቅዝ እንደ ውሃ ይፈሳል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ሲነከር ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ኪሳራ የሚያሳልፍ ሸክላ ውጭ አገር ተገኘ ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር። ወደፊት የኤሌክትሪክ ገመድ በዚህ ፈሳሽ ውስጥ የሚተኛ ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ጎን እንዳያመልጥ የሚከላከለው ያው ፈሳሹ ሊሆን ነው። ስንት ቮልት ይችላል? ሲፈላና አረፋ ሲያወጣስ? የልጅቷ ጥያቄ ይሄ ነበር።

«ፈሳሹ ግድግዳ ነው፣ ጋሽ አምሐ» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን። «አረፋው ግን ውስጡ ጋዝ ነው፤ ጋዝ ደግሞ ደካማ ነው። ደህና ግድግዳ መሃል የተሰነጠቀ ብሎኬት እንደ መክተት ይቁጠሩት። ኤሌክትሪኩ እሷን ፈልጎ ይገባባትና ግድግዳውን በሙሉ ጥሶ ያልፋል።»

«ስንት ቮልት ላይ?»

«እሱን እኮ ነው የምለካው።»

ፈሳሹን የሚያመጣልን ጀላል ነው። ጀላል የመንግሥት ላም አዳቃይ ነው፤ በሞተር ሳይክሉ ከግቢ ግቢ እየዞረ የኮርማ ዘር ለላሞች ያደርሳል። ዘሩ ሳይሞት የሚቆየው በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ስለሆነ፣ አዲስ ሲሞላለት ከአሮጌው የተረፈውን በትንሿ የብረት ጋን ይዞልን ከተፍ ይላል። ሰፈሩ ጀላልን ከነጋኑ እኔ ቤት ሲገባ እያየ «አምሐ ላም በኤሌክትሪክ ማስረገዝ ጀመረ» አለ። እኔም አላስተባበልኩም።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ሰፊ አፍ ባለው የመስታወት ፔርሙስ ውስጥ ሎሚ የሚያካክሉ ሁለት የነሐስ ኳሶች ጎን ለጎን ይንጠለጠላሉ፤ በመሃላቸው ጠባብ ክፍተት አለ። ፈሳሹ ይሞላል፣ ቮልቱ ቀስ እያለ ይጨመራል፣ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ብልጭታው ከኳስ ወደ ኳስ ይዘላል። የዘለለበት ቮልት ይጻፋል።

ኳሶቹን ከላይ የሚይዙት ዘንጎች በጥሩብርሃን ንድፍ ላይ ስስ የብረት ቱቦዎች ነበሩ። ንድፉን አይቼ ሳቅሁ። ሃምሳ ሺህ ቮልት በሸምበቆ? የአምሐ ስም ያለበት ሥራ ላይ? አውራ ጣቴን የሚያክል ድፍን መዳብ በቶርኖ ማሽን አስወጥቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፊት እስኪያሳይ አሽቼ ሰጠኋት። ተቀብላ ደጋግማ አገላበጠችው። ከአድናቆት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ሠላሳ ስምንት ሺህ ቮልት ላይ ጧ! አለ። የዶሮ ሁሉ ነፍስ ወጣ፤ እስከ ቤቴል ሰፈር ድረስ ተሰምቷል። ጥሩብርሃን ደስ ብሏት ጻፈች። ቀጠልን፤ ሃያ ሺህ ላይ ጧ! ከዚያ ሠላሳ አንድ። ከዚያ አሥራ ስምንት። ያው ኳስ፣ ያው ክፍተት፣ ያው ፈሳሽ፤ ቁጥሩ ግን አንድ ቀን ሰማይ አንድ ቀን ምድር። ሳምንታት እንዲሁ አለፉ።

አማካሪዋ ዶክተር ቀለመወርቅ ቁጥሮቹን አይተው «ይሄ ልኬት ነው ወይስ ሎተሪ?» አሏት። ዓርብ ከአንድ ሌላ ፈታኝ ጋር ኮልፌ ድረስ መጥተው በዓይናቸው ሊያዩ ወሰኑ። ቁጥሩ ካልረጋ ርዕሷ ይሰረዛል። ርዕሱ ከተሰረዘ ዲግሪው የለም፤ በሚመጣው ምደባ አንዱ ሩቅ አውራጃ አስተማሪ ሆና ትላካለች።

«ማስተማሩን ጠልቼ አይደለም» አለችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ሳልጨርስ መሄዱን ነው። ከአንድ ጊዜ በላይ ዕድል የሚሰጥ የለም፣ ጋሽ አምሐ።»

«እኔ እያለሁ?» አልኩ። «ችግሩ ገብቶኛል። መዳቡ ቀጥኗል።»

ረቡዕ ዕለት ዘንጎቹን በሌላ መዳብ ለወጥኳቸው፤ አሁን የመጥረቢያ እጀታ ያክላሉ። ሐሙስ ጠዋት ሞከርናቸው። አሥራ አምስት ሺህ ላይ ጧ! እንደገና፤ አሥራ አራት ላይ ጧ! በኮልፌ ታሪክ ዝቅተኛው ቁጥር ነበር።

ያን ጊዜ ባለቤቴ ጽጌማርያም ምሳ ደርሷል ልትል ብቅ አለች። ከፔርሙሱ ክዳን በላይ የወጡትን ዘንጎች አየቻቸው። ነጭ አመዳይ ከፈሳሹ ተነሥቶ መዳቡን እየወጣ፣ የላይኛው የእንጨት መያዣ ጋ ደርሷል።

«አምሐ፣ ይሄ ነገርህ ሸበተ» አለች። «እንደ አንተ ማለት ነው፤ መሥራት ሳይጀምር።»

«ካፖርት ለብሶ ነው» አልኩ። «ሥራ ሲበዛበት እንዲህ ያደርጋል።»

ጥሩብርሃን ግን አልሳቀችም። አመዳዩ የት ድረስ እንደወጣ በዓይኗ ለካች። ከዚያ ማብሪያውን አጠፋች። ትራንስፎርመሩን አጠፋች። በፔርሙሱ ጎን ለማያ እንዲሆን ሳይቀባ የተተወው ጭረት ላይ ዓይኗን አስጠጋች፤ ብዙ ቆየች።

«ኑ እስኪ እዩ።»

አየሁ። ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር የለም፤ ኳሶቹ ግን እንደተከፈተ አምቦ ውሃ አረፋ ይተፋሉ። ከኳሶቹ ፊት እየተላቀቀ፣ በመሃላቸው ባለው ክፍተት አልፎ ሽቅብ ይወጣል። ሳያቋርጥ።

«እኔ ፈሳሹ ብቻውን የሚፈላ መስሎኝ» አለች። «ሙቀቱ ከውጭ እየገባ ነው። በእነዚህ ዘንጎች። ቅዝቃዜው ይሄን ያህል ሽቅብ ከወጣ፣ የክፍሉ ሙቀት ይሄን ያህል ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። ወርዶ ኳሱን ያሞቃል፣ ኳሱ ፈሳሹን ያፈላል፣ አረፋው ልክ የምለካበት ቦታ ላይ ይወለዳል።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሽ አምሐ፣ እነዚህ ውስጣቸው ባዶ ነው ድፍን?»

«ባዶ? እኔ በሕይወቴ ባዶ ነገር ሠርቼ አላውቅም!»

«እኔ የሳልኩት ቱቦ ነበር።»

«አሻሻልኩልሽ።»

«ባወፈሩት ቁጥር እኮ ነው የባሰው! ሞተር ውስጥ ብዙ የኤሌክትሪክ ጅረት ስለሚያልፍ ወፍራም ይሻላል። እዚህ የሚያልፈው ጅረት ከምንም አይቆጠርም፤ ወፍራሙ መዳብ የሚያሳልፈው ሙቀት ብቻ ነው። የሙቀት አውራ ጎዳና ነው የሠሩልኝ።»

አውራ ጎዳና ስትል ትንሽ ደስ አለኝ፤ አልሸሽግም። ግን ሥራዬ ነውና ተሟገትኩ። «እሺ ቀጭን ሽቦ ላድርግልሽ? ፀጉር የሚያክል?»

«ቀጭን ሽቦ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ኳሱ ጋ ሳይደርስ ከሽቦው ወደ አየር ይፈነጥቃል። ከውጭ ወፈር ማለት አለበት፤ ውስጡ ግን ባዶ፣ ግድግዳው ስስ የሆነ። ብረት ቢሆን ደግሞ ከመዳብ ያነሰ ነው ሙቀት የሚያሳልፈው።»

ጽጌማርያም ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ከውጭ ወፍራም፣ ከውስጥ ባዶ?» አለች። «ታዲያ ፍለጋ ምን ያደክማችኋል፤ ይኸው ቆሞላችሁ የለም እንዴ!»

ጥሩብርሃን ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን አዞረች። ጋኗን ይዞ የገባው ጀላል ግን አልዋጠም፤ በሩ ላይ ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ የያዘውን ወሬ ነገረን።

«ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ፈሳሹን የሚያመርተው ቦታ ለጥገና ሊዘጋ ነው፤ እስከ መስከረም ለላሞቹም ለእናንተም ጠብታ የለም። ለላሞቹ የሚሆነውን ለይቼ ነው ያመጣሁት።» ጋኗ ውስጥ እንጨት ሰደድ አድርጎ የፈሳሹን ከፍታ አየና ራሱን ነቀነቀ። «አንድ ጊዜ ተኩል ፔርሙሱን ትሞላ ይሆናል። እንደዚህ እያፈላችኋት ከሆነ ግን አንዴም አትበቃችሁ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኮልፌ ገበያ ውስጥ ስስ የብረት ቱቦ የሚሸጥ ጠፋ። የውሃ ቱቦው ግድግዳው ወፍራም፤ የአንቴናው ደግሞ ቀጭን። እኔ ግን የጽጌ ስድብ ሆዴ ውስጥ ነበርና ምሳዬን እየበላሁ ዓይኔን ወደ መስኮቱ አነሣሁ። ሳሎናችን መስኮት ላይ የተሰቀለው መጋረጃ የሰፈሩ አንደኛ ነው። የተሰቀለበት ዘንግ የሚያብረቀርቅ ብረት ነው፤ በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። ጩኸቱ ጥርት ያለ፣ ባዶ።

«እንዳታስበው» አለች ጽጌማርያም።

«ከውጭ ወፈር ያለ፣ ከውስጥ ባዶ» አልኳት። «አንቺው ነሽ ፍለጋ አያስፈልግም ያልሽው።»

«አምሐ! ጎረቤት ሁሉ ስንበላ ሊያየን ነው?»

«እትዬ ጽጌ» አለች ጥሩብርሃን ከበሩ፣ በቀስታ፤ «እኔ ነኝ የምለምንዎ።»

ጽጌማርያም ጥሩብርሃንን በሕፃንነቷ ጡት ካጠቧት የሰፈር ሴቶች አንዷ ናት። መጋረጃውን ራሷ አወረደችው፤ አጥፋ ደረቷ ላይ አቀፈችውና «ከቆረጥከው በኋላ ሌላ ታመጣለህ» አለችኝ።

«ከዚህ የወፈረ» አልኳት።

ዓርብ ጠዋት ዶክተር ቀለመወርቅ መጡ። ቮልስ መኪናቸውን ላይኛው መንገድ ላይ አቁመው ጭቃውን በእግራቸው ወረዱ፤ ከኋላቸው አንድ ዝምተኛ ፈታኝ አለ። እኔም ወርክሾፑን አስተዋወቅኋቸው፤ ስለ ግማሹ የአገሪቱ ሞተር፣ ስለ መቶ ሺህ ቮልቱ፣ ስለ ዶሮዎቹ።

«ስለዚህ ወርክሾፕ ብዙ ሰምቻለሁ» አሉ ዶክተር።

«ከማን?»

«አሁን ከእርስዎ።»

ሰውየው ወደዱኝ ማለት ነው። ጀላል በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው፤ የፈሳሹ ተን ክፍሉን ከሞላ ትንፋሽ ያሳጣል እያለ ሁሌም ያስከፍተናል። ጥሩብርሃን ኳሶቹን በስታኞ የበየድኩባቸውን የመጋረጃ ዘንጎች ብድግ ስታደርግ ዶክተሩ እጃቸውን አነሡ።

«ቆዪ። ይሄ አዲስ ነው። እኔ ሎተሪ ያልኩት በየትኛው ዘንግ የተለካው ነው?»

«በመዳቡ ነው፣ ዶክተር።»

«እንግዲያስ ከእሱ ጀምሪ። የተበላሸውን መጀመሪያ አሳዪኝ፤ ከዚያ አስተካከልኩ ያልሽውን አያለሁ።»

የጥሩብርሃን ፊት አመድ መሰለ። መዳቡ መጀመሪያ ከገባ ፈሳሹን አፍልቶ ይጨርሰዋል፤ ለቱቦው የሚተርፍ የለም። «ፈሳሹ ምናልባት...» ብላ ጀመረች።

«አይበቃም ልትዪ ነው? ጥሩብርሃን፣ ሰው የሚወደውን ውጤት ብቻ አያሳይም።»

ትክክል ናቸው። ጀላል እኔን አየኝ። መዳቦቹ አጠገቤ በርጩማው ላይ ነበሩ፤ በሽርጤ ተሸፍነዋል። ቀስ ብዬ ተቀመጥኩባቸው።

«የትኛው መዳብ?» አልኩ።

«ወፍራሙ ነዋ፣ አቶ አምሐ። ጥሩብርሃን በሰጠችኝ ሪፖርት ላይ አለ።»

«አይ፣ እሱማ ቀጫጭን ነገር ነበር፣ ዶክተር። አልረባ ሲል ጣልኩት።»

ቀጫጭን ስል ምላሴ ላይ የጋለ ብረት ያረፈ ያህል ተሰማኝ። በዚህ እጅ የተሠራ ሥራ ተደብቆ አያውቅም፤ እንኳን ሊደበቅ ለእንግዳ ሁሉ ሳይጠይቅ ይታያል። ግን የልጅቷ ዲግሪ በዚያች ጋን ፈሳሽ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ዶክተሩ ተነፈሱ። «እንግዲያስ ያለውን እንይ።»

ጥሩብርሃን ፈሳሹን ቀዳች። መጀመሪያ ተንጫጫ፣ ነጭ ተን ከፔርሙሱ አፍ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እኔ በለመድኩት ማብሪያውን ልጫን ስል እጄን ያዘችኝ። «እስኪረጋ።» ጠበቅን። ጩኸቱ አነሰ፣ ሹክሹክታ ሆነ፣ ጠፋ። በጭረቱ ሲታይ ኳሶቹ በጠራ ውሃ ውስጥ የተኙ ይመስላሉ። አመዳዩ ከቱቦው ላይ አንድ ጣት ያህል ወጥቶ ቆመ።

ቮልቱን ማንሣት ጀመረች። ሃያ ሺህ፤ ዝም። ሠላሳ፤ ዝም። ሠላሳ ስምንትን አለፈች። ጽጌማርያም በበሩ ጆሮዋን ይዛ ቆማለች። አርባ ሦስት ላይ ጧ! እንደገና ከታች ተነሣች፤ አርባ ሁለት። እንደገና፤ አርባ አራት። እንደገና፤ አርባ ሦስት።

ዝምተኛው ፈታኝ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «ረጋ» አለ።

ዶክተር ቀለመወርቅ ግን ጎንበስ ብለው በጭረቱ አዩ፤ ፊታቸው አልተፈታም። «ጥሩ ነው። ግን የጥናትሽ ርዕስ አረፋው ነው። አረፋ የሌለበት ፈሳሽ ስንት እንደሚችል አሳየሽኝ። አረፋው ሲኖር ስንት እንደሚወርድ በምን ላምንሽ ነው?»

ጥሩብርሃን ወደ እኔ ዞረች። ክፍሉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«አረፋ ነው የፈለጉት?» አልኩና ተነሣሁ። ሽርጡን ገለጥኩ። ሁለቱ መዳቦች በርጩማው ላይ እንደ ንጉሥ ተኝተዋል።

«ጣልኩት አላሉም?» አሉ ዶክተሩ።

«ጥዬው ነበር። ተቀምጬበት እንጂ ሩቅ አልጣልኩትም።»

ስታኞውን አቅልጠን ኳሶቹን ወደ መዳቡ አዛወርን፤ በጋኗ የቀረውን ግማሽ ፔርሙስ የማይሞላ ፈሳሽ ጨመርን። መዳቡ ሲገባ ወርክሾፑ በሙሉ ደመና ሆነ፤ የፈሳሹ ከፍታ ዓይናችን እያየ ቁልቁል ይወርዳል። ጥሩብርሃን አሁንም አልቸኮለችም፤ ጀላል በእንጨቱ እየለካ «ልጄ፣ እያለቀ ነው፤ ልጄ» ይላታል። የመጀመሪያው ሁካታ አለፈ። ያ የአምቦ ውሃ አረፋ ብቻ ቀረ፤ ሳያቋርጥ፣ እኩል እኩል። ከዚያ ቮልቱን አነሣች። አሥራ አምስት ላይ ጧ! አሥራ አራት። አሥራ አምስት። አሥራ አምስት። አሁንም ልትደግመው ስትል የኳሶቹ አናት ከፈሳሹ በላይ ብቅ አለ፤ እጇን አነሣች።

«ድሮ ሲዋዥቅብኝ የነበረው» አለች፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ «አንዴ ፈሳሹ ሲንጫጫ፣ አንዴ ሲረጋ እየለካሁ ስለነበረ ነው። አረፋው ሲለዋወጥ ቁጥሩም ይለዋወጣል። አረፋውን እኩል ካደረግሁት ቁጥሩም ይረጋል። ያው ኳስ፣ ያው ክፍተት ነው፤ አረፋው ብቻ ወደ ሲሶው አወረደው።»

ዶክተር ቀለመወርቅ ከጎንበሱበት ቀና አሉ። «እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፊያቸው» አሉ። «ጥናትሽ ይሄ ነው። ርዕሱ ባለበት ይቀጥላል።» ከዚያ መዳቡን ጨብጠው ሊያነሡ ብለው በውርጩ እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ። «ይሄን ዘንግ እንዲህ ያወፈረው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«አረፋ እንዲኖረን ነዋ፣ ዶክተር።»

ይሄን ጊዜ ጥሩብርሃንን ሳል ያዛት። ጽጌማርያም ወደ ውጭ ወጣች። ዶክተሩ አንዴ እኔን፣ አንዴ መዳቡን አዩና «በጣም አርቀው ያስባሉ፣ አቶ አምሐ» አሉ። ይሄንን የተናገሩት ሁለት ምስክሮች ፊት ነው፤ ጀላል ዛሬም ይመሰክራል።

ጥሩብርሃን በሐምሌ ዲግሪዋን ተቀበለች። የመጋረጃ ዘንጎቹን ዩኒቨርሲቲው ወሰዳቸው፤ እስካሁን በክብር ተቀምጠው ይሆናል። እኔም ቃሌን አላጠፍኩም። ሁለቱን መዳቦች ጫፍ ለጫፍ በይጄ ሳሎኔ መስኮት ላይ ሰቀልኳቸው። የኮልፌን መጋረጃ ሁሉ ይችላሉ። ጽጌማርያም የጭቃው ግድግዳ በምስማሩ ዙሪያ መሰንጠቅ ጀምሯል ትላለች፤ እኔም ነገ ከዚህ የወፈረ ምስማር አመጣለሁ ብያታለሁ።